የሙሴ እጆች በከበዱ ጊዜ

ዘጸአት 17፥8–13 ይነበብ።



ይህ ክፍል በጉባኤያችን ሲነበብ ስለ ጸሎት ኀይል መስማት ለምደናል፤ ልማዱም መልካም ነው። ኢያሱ በራፊድም ሜዳ ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ ከኮረብታው ላይ ሆኖ እጆቹን ይዘረጋ ነበር፤ የሰልፉም ዕድል ከእነዚያ እጆች ጋር ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ነገር ግን በታሪኩ መካከል ፈጥነን የምናልፋት አንዲት አጭር ነገር አለች። የሙሴ እጆች ከበዱ። እምነቱ ጎደለ አልተባለም፤ ከአምላኩ ራቀ አልተባለም፤ የዛለው ክንዱ ነው። ባሕር ሲከፈል ያየ፣ ከእግዚአብሔርም ጋር የተነጋገረ ያ ሰው ሥጋው እንደ ማናችንም ሥጋ ነበረ፤ ብዙ ሰዓት የተነሣ እጅም ይዝላል።

አሮንና ሖር ያደረጉትን እናስተውል። ሙሴን አልገሠጹትም። የእግዚአብሔር ሰው ሆኖ ሳለ ስለ ምን እንደ ደከመ አልመረመሩትም። ርዱኝ ብሎ እንደ ጮኸም አልተጻፈም፤ እነርሱ ግን አዩ። አስቀድመው ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው እጆቹን ደገፉ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም ድረስ ከዚያ አልተለዩም። አሮን ታላቅ ካህን ሆነ፤ ታሪኩም ብዙ ነው። ሖር ግን ከጥቂት ስፍራ በቀር ስሙ አይነሣም። የዚያን ቀን ሥራው የሰው እጅ መያዝ ብቻ ነበረ።

በዚህ ቃል መነሻነት ልንናገርላቸው የወደድነው በየቤታችን ላሉት አስታማሚዎች ነው፤ ይልቁንም አእምሮአቸው እየረሳ የሄደ አባት ወይም እናት ለሚጦሩት። ሌላው ሕመምተኛ ጠያቂውን ያመሰግናል፤ ይመርቃልም። እኒህ ግን ሌሊቱን ሁሉ ስትነሣላቸው ያደረችውን ልጃቸውን ማለዳ «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ከዚህ የሚከብድ እጅ ምን አለ?

እርጅና ሁሉ እንዲህ ያለ መርሳት እንዳልሆነ አስቀድመን እንወቅ። መነጽሩን ያኖረበትን ስፍራ የረሳ ሽማግሌ ሽማግሌ ነው እንጂ ሕመምተኛ አይደለም። መነጽር ለምን እንደሚያገለግል ሲረሳ፣ ስድሳ ዓመት ከኖረበት መንደር ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ሲጠፋበት፣ እራት በልቶ ሳለ እራት ከለከላችሁኝ ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአገራችን ሰው «ጃጀ» ይላል። ይህን ቃል ከአፋችን ብናወጣው መልካም ነው፤ ሰውየው ባይሰማው እንኳ ልጆቹ ይሰሙታልና። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፤ እኛም የመርሳት ሕመም እንበለው። ከዓይነቶቹ ዋነኛው ስሙን ያገኘ ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው፤ እርሱም በ1906 በቱቢንገን ከተማ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት የአንዲት ሴት ሕመም ታሪክ አቀረበ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። ሴቲቱ ከሞተች በኋላ አንጎልዋን በመርመሪያ መነጽር አይቶ፣ ጉዳቱ በሥጋዋ ላይ በዓይን የሚታይ መሆኑን አስረዳ።

ይህን የምንጽፈው ስለ ሳይንስ ብለን ብቻ አይደለም። በጉባኤዎቻችን ውስጥ እንዲህ ያለውን ሕመም የኀጢአት ዋጋ ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ የሚያደርጉ ሰዎች አሉና ነው። ለሕመምተኛ መጸለይና እጅ መጫን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ እናድርገው። ነገር ግን ቤታቸውን እንኳ የረሱ አሮጊት ከብበን ብንጮኽባቸው የምናተርፈው ማስፈራት ነው። ልባችሁን ጠይቁት፤ የማታውቁት ሰው በሌሊት መጥቶ በጆሮአችሁ ቢጮኽ ምን ትሆኑ ነበር? እነርሱ ደግሞ ሁላችንን የማያውቁን ሆነዋል።

በተቃራኒው ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ መተው አለ። ትናንት ደኅና የነበሩ አረጋዊ ዛሬ በድንገት ቢቀባዥሩ ነገሩ የመርሳት ሕመም ላይሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ምች፣ የውሃ ጥማት፣ የማይስማማ መድኀኒት፣ ወይም ሌላ ሊታከም የሚችል ደዌ እንዲህ ያደርጋልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰዱ።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶ ከ60 የሚበልጡትም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይኸው ድርጅት በ2019 ዘመድና ወዳጅ የሆኑ አስታማሚዎች በአማካይ በየቀኑ 5 ሰዓት ለዚህ ሥራ እንደ ሰጡ፣ ከዚያም ሰዓት ከመቶ 70 እጁን ሴቶች እንደ ተሸከሙት ጽፏል። ወንድሞች ሆይ፣ በዚህ ቍጥር ላይ ጥቂት እንቁም። ስለ ሙሴ እጆች ከመድረክ የምንሰብከው አብዛኞቻችን ወንዶች ነን፤ የከበዱት እጆች ግን የሚበዙት የእኅቶቻችን ናቸው።

አሁን ወደ ጎረቤት ከተማ እንሻገር። ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎጫሌ ድንበር ያለፈ መንገደኛ ሀርጌሳ ይገባል። ከእኛ አገር ወደዚያ የሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በስደተኝነት፣ አንዳንዶቹ እንጀራ ፍለጋ፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት ያድራሉ። በቤት ሠራተኝነት የገባች ልጅ ደግሞ ልብስ ብቻ አታጥብም፤ በቤቱ አያት ካሉ የአያቲቱ አስታማሚ እርስዋ ትሆናለች። በሱማልኛ «አዬዮ» ብላ ትጠራቸዋለች፤ አያቴ ማለት ነው። የገዛ እናትዋ ግን እዚህ በደጋው በጎረቤት እጅ ናቸው። ስለዚህ ሀርጌሳ ለእኛ ሩቅ አይደለችም።

በዚያች ከተማ ያሉ አረጋውያን ያሳለፉትን መከራ ማወቅ አስታማሚያቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥትና በሱማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ የመንግሥቱ አውሮፕላኖች ከከተማይቱ ከራስዋ የአውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን ደበደቡአት። አብዛኛዋ ፈረሰች። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ብዙዎቹም በሐርተሼክ ሰፈሩ፤ ያም የስደተኞች ሰፈር እስከ 2004 ድረስ ቆየ። ከሚግ አውሮፕላኖቹ አንዱ ዛሬ በሀርጌሳ መካከል በሐውልት ላይ ቆሞ ይታያል። በዚያ ዘመን አርባ ዓመት የሞላቸው እናት ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል።

የመርሳት ሕመም ደግሞ እንደ ጎርፍ ከላይ ያለውን ልል አፈር አስቀድሞ ይወስዳል። የዛሬው ጠዋት ይጠፋል፤ አምና ይጠፋል፤ ሥር የሰደደው የቀድሞ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። እንዲህ ያሉ እናት አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ቢደነግጡ፣ ጨርቃቸውን ጠቅልለው በሩን ቢፈልጉ፣ «ልጆቹን አምጡ፤ እንሂድ!» ቢሉ የሚያስገርም አይደለም። ለእርሳቸው ጦርነቱ ዛሬ ማታ ነው። በዚያ ቤት ያለች አስታማሚ ምን ታድርግ? በሩን ብትቆልፍ ጩኸታቸው ይብሳል። ጦርነቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኗል ብላ ብትከራከር ውሸታም ትባላለች።

ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፤ ቀላልም ነው። እጃቸውን ይዞ አብሮ መሄድ። ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን አልብሶ፣ «እሺ አዬዮ፣ እንሂድ፤ እኔም አለሁ» ብሎ ግቢውን መዞር፤ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሶ መመለስ። ሲሄዱ ሳለ የሸሹበትን ሳይሆን የያዟቸውን ልጆች መጠየቅ፤ ስማቸውን፣ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደ ነበረ። እግር ሲንቀሳቀስ ፍርሃት የሚበርድባቸው ጊዜ ብዙ ነው። ሲመለሱም በሩ የመጠለያ በር ይሆንላቸዋል። ሩት ከኑኃሚን ጋር ወደ ቤተ ልሔም ስትወርድ ያደረገችው ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ ያዘነችውን አሮጊት በመንገድ ላይ ብቻዋን አልተወቻትም።

ቀስ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ስንል እንግዲህ ከዚህ የራቀ ነገር ማለታችን አይደለም። ስለ እርሱም እውነቱን እንናገር፤ ተስፋ ቸርችሮ ሰውን ማሳዘን ኀጢአት ነውና። እንቅስቃሴ የመርሳትን ሕመም አያድንም። በእንግሊዝ አገር ወደ 500 የሚጠጉ ሕመምተኞችን ይዞ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ጠንከር ያለ የሰውነት ማጠንከሪያ ሥራ የአእምሮን መድከም እንደማያዘገየው አሳይቷል፤ ጉልበታቸው ግን በርትቶ ነበር። ስለዚህ «ባሠራቸው ኖሮ ይድኑ ነበር» ብላ ራስዋን የምትከስ ልጅ ካለች፣ ይህን ክስ ዛሬ ታውርደው። የእንቅስቃሴው ጥቅም ሌላ ነው። ቀን ፀሐይ ያየና የተራመደ ሰው ሌሊት መተኛት ይቀለዋል። ያልተቀመጠ እግር ቶሎ አይተሳሰርም፤ መውደቅም ይቀንሳል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት ስንቱን አረጋዊ ከአልጋ እንዳዋለ ታውቃላችሁ። ከሁሉም በላይ ቃል የጠፋበት ሰው በእጅና በእግር ከእኛ ጋር መሆን ይችላል።

ጠዋት ብርዱ ሲለቅ፣ በቆላ ከሆነ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ዐሥር ደቂቃ መራመድ ይበቃል። የማይጎተት ልብስና የሚጨብጥ ጫማ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ጠላት ነው። መራመድ የማይችሉ እንደ ሆነ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጡአቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። እናንተ ክንዳችሁን ቀስ ብላችሁ ስታነሡ እነርሱም ያነሣሉ፤ ስታወርዱ ያወርዳሉ። «ክንድዎን ያንሡ» የሚለው ትእዛዝ ሳይገባቸው፣ ዓይናቸው ያየውን ሰውነታቸው ይከተላል። ጉልበት መዘርጋት፣ ተረከዝና የእግር ጣት እያፈራረቁ ማንሣት፣ ትከሻን ማዞር፣ ግድግዳ ወይም የወንበር መደገፊያ ይዞ መነሣትና መቀመጥ። ከጨርቅ የተሠራ ኳስ መወራወር ብዙ ሽማግሌ ያስቃል። ደረት የሚያማቸው፣ የሚያዞራቸው ወይም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ወዲያው ይቁም፤ የቀድሞ ሕመም ያለባቸውም አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

እጅ የለመደው ሥራም እንቅስቃሴ ነው። ጥጥ ስታባዝት የኖረች እናት የልጅ ልጅዋን ስም ረስታ እንዝርቱን ላትረሳ ትችላለች። ምስር መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስ፣ የታጠበ ልብስ ማጣጠፍ፤ ያጠፉትን እንደ ገና መፍታት ቢያስፈልግ እንኳ ፊታቸው ሳይዞር አትፍቱት። በሀርጌሳ ያሉ የእስላም ሽማግሌ የልጆቻቸው ስም ጠፍቶባቸው ሳለ የጸሎቱን ስግደት በተራ በተራው ሊሰግዱ ይችላሉ፤ ጉልበታቸው ያውቀዋልና። የእኛም አባቶች እንዲሁ ናቸው። ስብከቱን መከተል የማይችሉት መዝሙሩ ሲነሣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እጃቸውም ያጨበጭባል። በዕድሜ ብዛት የተለማመዱት ነገር ከቃል በኋላ የሚቀር ቅርስ ነው፤ ስለዚህ ለሽማግሌዎች ስንዘምር ወጣቶቹ የሚወዱትን አዲሱን ሳይሆን እነርሱ በልጅነታቸው የተማሩትን እናንሣ።

ስለ ሕመምተኛው ይህን ያህል ካልን አስታማሚዋን አንርሳ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርስዋ ናትና። ኤልያስ በምድረ በዳ በክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን የለመነበትን ቀን አንብቡ። የተላከለት መልአክ ምን ይዞ መጣ? በትኩስ ድንጋይ የተጋገረ እንጎቻና ውሃ። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ ደግሞ መጣ፤ አሁንም ምግብ ነበር። ስለ ተልእኮው የተነገረው ከእንቅልፍና ከእንጀራ በኋላ ነው። ሰማይ ለደከመ አገልጋይ ያደረገውን እኛ ለደከመች ልጅ ብናደርግ ቅንጦት ነውን?

ብዙዎች እንዲህ ያሉ ልጆች ለአንድ ሰዓት ከቤት መውጣትን እንደ ክሕደት ይቈጥሩታል። ቤተ ክርስቲያን መምጣት እንኳ ይተዋሉ፤ ከዚያም ስለ መቅረታቸው ይወቀሳሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች «አይሰፖርት» የተባለ መምሪያ አውጥቷል፤ ከአምስቱ ክፍሎቹ አንዱ አስታማሚው ራሱን ስለ መንከባከቡ የሚናገር ነው። ይህ ራስን መውደድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጌታችን ባልንጀራን የመውደድ ልክ ያደረገው ሰው ራሱን በሚወድበት ልክ ነው፤ ደክመው የተመለሱትን ደቀ መዛሙርትም ሕዝቡ እየጠበቀ ሳለ ወደ ብቸኛ ስፍራ ሄደው እንዲያርፉ ነግሯቸዋል።

እኅቴ ሆይ፣ ይህን የምታነቢው ማታ እርሳቸው ከተኙ በኋላ እንደ ሆነ እንገምታለን። ከአልጋ ስታነሣቸው ወገብሽን አትጉበጪ፤ ጉልበትሽን ሸብረክ አድርገሽ፣ ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ፣ በአንድ ቃል «አንድ፣ ሁለት» ብለሽ አብራችሁ ተነሡ። በእጅና በብብት መጎተት እነርሱንም አንቺንም ይጎዳል። በቀን ሦስት ጊዜ ደጅ ወጥተሽ በአፍንጫሽ በረጅሙ ተንፍሺ፤ ትከሻሽን ወደ ኋላ አዙሪ፤ አንገትሽን አፍታቺ። ለጤና የሚመከረው እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ለቀን ሲከፈል ከሃያ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ ከእርሳቸው ጋር የምትሄጂውም ከዚያ ይቈጠራል። ብትቈጪ፣ ድምፅሽን ከፍ ብታደርጊ፣ ወደ ሌላው ክፍል ግቢና እስክትረጋጊ ቁሚ፤ ከዚያ ተመለሺ። እርሳቸው ቁጣሽን ረስተውታል፤ ጌታም ይቅር ብሏል።

አሮንና ሖር ከሙሴ አጠገብ የቆዩት ፀሐይ እስክትጠልቅ ነበር አልን። ይህን ሕመም በቤቱ ያየ ሰው ሰዓቱን ያውቀዋል። ብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚታወኩት ቀኑ ሲመሽ ነው፤ ጥላው ሲረዝም ይፈራሉ፤ ይነሣሉ፤ ቤታችሁ ሳሉ ወደ ቤቴ ልሂድ ይላሉ። ጠያቂ ግን የሚመጣው በእሑድ ቀትር ነው፤ ቡና ጠጥቶ፣ ጸልዮ፣ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ይሄዳል። እንግዲያስ ልንጠይቅ ስንወድ በዚያች በምሽት ሰዓት እንሂድ። መብራቱን ቀድመን እናብራ፤ ልጂቱ እራት ስታዘጋጅ ወይም ስታርፍ እኛ ከአባት ጋር ግቢውን እንዙር።

በአገራችን ደጅ የወደቁትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚያነሡ አሉ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ የተባለው መርጃ በዚህ ሥራ ይታወቃል። በሀርጌሳም አዋላጅ ነርስ የሆኑት ኤድና አዳን በ2002 ሆስፒታል ከፍተው ነርሶችንና አዋላጆችን ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። እነዚህ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን የሚረሳ ሰው ሆስፒታሉ አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ጎጆው ነው፤ ነርሱም ልጁ። ለዚህ ነርስ ተተኪ የሚልክ ማን ነው?

እድራችንን እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ማንም ሳይጠራ ይመጣል፤ ያልመጣም ይቀጣል። ይህ ታላቅ ፍቅር ነው፤ በዚህም የማይመካ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን እኒያ እናት ከመሞታቸው በፊት ሰባትና ስምንት ዓመት ሲረሱ ኖረው ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ደጁን የረገጠ ሁለት ሰው ነው። ለሬሳ ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች በሕይወት ላለ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት መቀመጥ ያቅተናልን? ወንዶችም ሴቶችም፣ አሥር ሰዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጡ ሃያ ሰዓት ነው። ሃያ ሰዓት ለአንዲት አስታማሚ ገበያ፣ እንቅልፍና ጉባኤ ነው። የጉባኤ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ስማቸው በመዝገብ የተጻፈ የታመሙ አሉአችሁ፤ ከጎኑ የአስታማሚውን ስም ጻፉ፤ ከዚያም ተራ አውጡ። የሚሄዱት ሰዎች ሁልጊዜ እነዚያው ቢሆኑ ይሻላል፤ ፊት የሚረሳ ሰው አዲስ ፊት በየቀኑ ያስፈራዋልና። ሲሄዱም ምክር ይዘው አይሂዱ። የሙሴ ወዳጆች የያዙት ድንጋይ ነበር።

በወር አንድ ቀን ደግሞ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ለሁለቱም ይከፈት፤ ለሚረሱትም ለሚያስታምሟቸውም። ወንበሮቹ በክብ ይደርደሩ፤ ብርሃን ይግባ፤ ወለሉ ደረቅ ይሁን። የድሮ መዝሙር እየተዘመረ ክንድ ይነሣ፣ ይውረድ፤ እግር መሬት ይምታ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ አስታማሚዎቹ ለብቻቸው ሻይ እየጠጡ ይነጋገሩ፤ ሌሎች አረጋውያኑን ይያዙ። አንዲት ሴት የሌላይቱን ታሪክ ሰምታ «የእኔም እናት እንዲሁ ናቸው» ስትል የሚወርደውን ሸክም ያየ ያውቀዋል።

ስለ ሩቆቹ ልጆችም ቃል አለን። በሀርጌሳ የሰው እናት የምትይዝ ልጅ የገዛ እናትዋን በስልክ ብቻ ታገኛለች፤ እናትየው ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ ይጋባሉ፤ ልጂቱም ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። ተራ የደረሰው ሰው በዚያች ሰዓት እዚያ ይገኝ። ስልኩን በጆሮአቸው ይያዝላቸው፤ ድምፁን ከፍ ያድርገው። ልጂቱም ጥያቄ ትተው፤ «አወቅሽኝ ወይ?» አትበል። እናትዋ ጓዳ ሳሉ የሚያንጐራጕሩትን መዝሙር ከወዲያ ማዶ ታንሣ፤ እዚህ ያለው ሰው የእናቲቱን እጆች ይዞ በዜማው ልክ ከፍና ዝቅ ያድርግላቸው፤ መዝሙሩም እስኪያልቅ ድረስ አይልቀቃቸው።